የቆዩ የባስ ጊታሮችን የሠራቸው ማን ነው?

በአገራችን አንድ ማሲንቆ መቺ የያዘውን ማሲንቆ ማን እንደ ሠራው ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። ወይ ራሱ ቆዳውን ወጥሮ የፈረሱን ጭራ አስሮ ሠርቶታል፤ ወይም ከአባቱ ወርሶታል፤ ወይም ሠሪውን በስሙ ያውቀዋል። በፋብሪካ በሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ ግን ይኸው ጥያቄ ሲነሣ ነገሩ ይወሳሰባል። በመሣሪያው ራስ ላይ አንድ ስም በጉልህ ተጽፎ ይገኛል፤ ሰውም ያንን አንብቦ «ሠሪው ይኸ ነው» ይላል። ያ ስም ግን ብዙ ጊዜ የሻጩ እንጂ የሠሪው ስም አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ሠሪውን ለማወቅ ምን ዐይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፥ እያንዳንዱም ማስረጃ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን በባስ ጊታር ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ባስ ጊታር ታሪኩ አጭር ነው። በ1930ዎቹ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው በሲያትል ከተማ ጥቂት የኤሌክትሪክ ባሶች ሠርቶ ነበር፤ ሆኖም ዓለም የተቀበለው ሊዮ ፌንደር በ1951 በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ ያወጣውን «ፕሪሲዥን ባስ» የተባለውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያህል ቅርብ በሆነ ታሪክ ላይ፥ ከሠሩትም ሰዎች ብዙዎቹ እስከ ቅርብ ጊዜ በሕይወት ሳሉ፥ ወሬው ከእውነቱ በልጦ መገኘቱ ያስገርማል። ክርክሩም ከንቱ አይደለም። የሠሪው ስም ሲለወጥ የመሣሪያው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይለወጣልና በወሬ የገዛ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ከዚህም በቀር ቀኑን ሙሉ ቆመው እንጨቱን የጠረቡትና ሽቦውን የጠመጠሙት ሠራተኞች ድካም ባልሠራው ሰው ስም ሲቈጠር ይኖራል።

አስቀድሞ የስሙን ነገር እናንሣ። በአሜሪካ አገር ሲርስ የተባለው ታላቅ መደብር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ «ሲልቨርቶን» በሚል ስም ጊታርና ባስ ይሸጥ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹን የሠራው በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር የነበረው የናታን ዳንኤል ፋብሪካ ዳንኤሌክትሮ ነው። የእርሱን ሥራ መለየት አያስቸግርም። ገላው ሙሉ እንጨት ሳይሆን የእንጨት ክፈፍ ሆኖ ከላይና ከታች ሜሶናይት በሚባል የተጨመቀ ሰሌዳ የተሸፈነ ነው፤ ድምፁን የሚቀበለው ማግኔትም የከንፈር ቀለም መያዣ በሚመስል የብረት ቱቦ ውስጥ የገባ ነው። ይሁን እንጂ «ሲልቨርቶን የተባለውን ሁሉ ዳንኤሌክትሮ ሠራው» ቢባል ይህም ስሕተት ይሆናል፤ የቺካጎዎቹ ኬይና ሃርመኒ ፋብሪካዎችም ለሲርስ ያቀርቡ ነበርና። በእንግሊዙ ቮክስ ስም ከተሸጡት የ1960ዎቹ ባሶች ብዙዎቹ የተሠሩት ኢጣልያ አገር በሬካናቲ ከተማ በኤኮ ፋብሪካ ነው። ይባስ ብሎም ሊዮ ፌንደር ራሱ የመጀመሪያውን ኩባንያውን ከሸጠ በኋላ በ1976 የወጣው «ስቲንግሬይ» የተባለው ባስ በራሱ ላይ የያዘው ስም «ሚውዚክ ማን» የሚል ሲሆን የሠራው ግን ሲ ኤል ኤፍ ሪሰርች የተባለው የሊዮ ፋብሪካ ነበር። ሻጩና ሠሪው ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ነበሩ ማለት ነው።

የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ይህ ነገር አያደናግረውም። በብራናው ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ባለቤት ስም በላዩ ሲጻፍበት ይታያል፤ ከዚህ የተነሣ መጽሐፉን ማን እንደ ጻፈው የሚፈልግ ተመራማሪ የባለቤቱን ስም ትቶ ወደ ጸሐፊው የእጅ ጽሕፈትና ጸሐፊው ራሱ ወደ ተወው ቃል ይሄዳል። ባስ ጊታርም እንደዚሁ መከፈት አለበት።

ተከፍቶ የሚገኘው ምንድን ነው? በዚህ በኩል ከሁሉ ይልቅ የተመረመረው የፉለርተኑ የፌንደር ሥራ ነው። ከወሬዎቹ አንደኛው የመጀመሪያዎቹን ባሶች ሊዮ ፌንደር በገዛ እጁ ሠራቸው የሚል ነው። ሊዮ ፌንደር የራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት እንኳ አያውቅም ነበር። ፋብሪካውንም ያቋቋመው ሥራው ተከፋፍሎ በብዙ እጅ እንዲያልፍ አድርጎ ነው። አንገቱ ከገላው ጋር የሚያያዘው በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። አንገት የሚሠሩት ሠራተኞች አንገት ብቻ፥ ገላ የሚሠሩትም ገላ ብቻ በብዛት ሠርተው ያስቀምጣሉ፤ ገጣጣሚው ከሁለቱ ክምር አንዳንድ አንሥቶ ያገናኛል። እንግዲህ «ይህን ባስ ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለዚህ ፋብሪካ የሚስማማ ጥያቄ አይደለም። አንገቱን ማን ቀረጸው፥ ሽቦውን ማን ጠመጠመው፥ ማን ገጣጠመው ተብሎ ተከፋፍሎ መጠየቅ አለበት።

በ1950ዎቹ ከተሠሩት አንገቶች በአንዳንዶቹ ተረከዝ ላይ፥ ብሎኑ ተፈትቶ ከገላው ሲለዩ፥ በእርሳስ የተጻፈ ቀንና «ቲ ጂ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ይገኛሉ። ፊደሎቹ ታዴዎ ጎሜዝ የተባለው የፋብሪካው አንገት ቀራጭ ስም ናቸው። ይህ እውነት ነው። በእውነቱ ላይ የተጨመረው ወሬ ግን «ታዴዎ ጎሜዝ የሠራው ባስ» የሚለው ነው። እርሳሱ የሚመሰክረው ስለ አንገቱ ብቻ ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች ሆድ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ወረቀት መሰል ማጣበቂያ ተለጥፎ «ሜሪ»፥ «ግሎሪያ» የሚሉ የሴቶች ስሞች ከቀን ጋር ተጽፈውበት ይገኛል። እነዚህ በመገጣጠሙ ሥራ ላይ የነበሩ ሴቶች ናቸው። በአንድ መሣሪያ ላይ የወንዱ ፊደል በአንገቱ፥ የሴቲቱ ስም በሆዱ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መርጦ «ሠሪው ይኸ ነው» ማለት ሌላውን መካድ ይሆናል።

የማግኔቱም ነገር እንዲሁ ነው። አቢጌይል ይባራ በ1956 በዚህ ፋብሪካ ተቀጥራ እስከ 2013 ድረስ ሽቦ በመጠምጠም ሥራ ላይ የኖረች ስመ ጥር ሠራተኛ ናት። ዝናዋ የተገባት ነው። ነገር ግን ከዝናዋ የተነሣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የተጠመጠመውን ማግኔት ሁሉ ለእርሷ የሚሰጡ ሻጮች አሉ። በዚያ ክፍል አብረዋት የተቀመጡ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ ስማቸው ግን እንደ እርሷ አልታወቀም። ፊርማ በሌለበት የአንዷን እጅ ከሌላዋ እጅ ለይቶ አውቃለሁ የሚል ሰው የሚናገረው ከማስረጃ አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማስረጃው ትክክለኛ ሆኖ ሳለ አንባቢው ይሳሳታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1960ዎቹ በአንገቱ ተረከዝ ላይ የሚመታው ማኅተም ነው። ለምሳሌ በአንድ የፕሪሲዥን ባስ አንገት ላይ «5 ኦገስት 63 ቢ» የሚል ይገኛል። ያየው ሁሉ «ኦገስት አምስት ቀን ተሠራ» ብሎ ያነበዋል። ነገር ግን 5 ቀን አይደለም፤ የፕሪሲዥን ባስ አንገት መለያ ቍጥር ነው። በ1960 የወጣው የጃዝ ባስ መለያ 7 ነው። በመጨረሻ ያለችው ፊደል ደግሞ አንገቱ በላይኛው ጫፉ ያለውን ስፋት ታመለክታለች። አንድ ሰው ብዙ የጃዝ ባስ አንገቶችን ሰብስቦ ቢመለከት ሁሉም በየወሩ በሰባተኛው ቀን ብቻ የተሠሩ ሆነው ሲያገኛቸው አነባበቡ እንደ ተሳሳተ ይገባዋል። ከአንድ መሣሪያ የማይታወቀው ነገር ከብዙዎቹ ሲታወቅ እንዲህ ነው፤ ስለዚህም ነው አንዲት ባስ ብቻ አይቶ ሕግ ማውጣት የማይቻለው።

ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የመቈጣጠሪያ ቍልፎች በጀርባቸው ላይ ቍጥር አላቸው። «1376632» የሚል ቢገኝ 137 የሲ ቲ ኤስ ኩባንያ መለያ፥ 66 ዓመቱ፥ 32 የዓመቱ ሳምንት ነው። 304 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ስታክፖል የተባለው ኩባንያ የሠራው ነው። እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው «ባሱ በ1966 በሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት ተሠራ» ሊል ይቃጣዋል። ስሕተት ነው። ፌንደር በ1966 እጅግ ብዙ ቍልፍ ገዝቶ ስላከማቸ የዚያ ዓመት ቍልፍ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በተሠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ይገኛል። ቍልፉ የሚመሰክረው መሣሪያው ከዚያ ሳምንት በፊት አለመገጣጠሙን ብቻ ነው፤ ያም ብየዳው ያልተነካ እንደ ሆነ ነው። አንገቱን የሚይዘው የብረት ሰሌዳ ላይ ያለው ተራ ቍጥርም ከሁሉ ያነሰ ምስክር ነው። ሰሌዳዎቹ ከሣጥን ሲነሡ በተራቸው አልተነሡም፤ ደግሞም በአራት ብሎን የተያዘ ነገር ከአንዱ ባስ ወደ ሌላው ለማዛወር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሲ ቢ ኤስ የተባለው ኩባንያ ፌንደርን በ1965 በዓመቱ መጀመሪያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ተበላሸ የሚለው ወሬ በገበያው ላይ እንደ ሕግ ይቈጠራል። ሰነዱ የተፈረመው በአንድ ቀን ነው፤ በማግሥቱ ግን በፋብሪካው የገቡት ያው ሠራተኞች፥ የገጣጠሙትም ያንኑ ክምር ነበር። ኋላ የመጣ ለውጥ የለም ለማለት አይደለም፤ የለውጡ ቀን ግን የሰነዱ ቀን አይደለም።

እስከ አሁን የተናገርነው ፋብሪካው አንድ ሆኖ ሠራተኞቹ ስለ በዙበት ነው። ወደ ጃፓን አገር ስንሻገር ግን ፋብሪካው ራሱ የማይታወቅበት ሁኔታ ያጋጥመናል፤ ወሬውም በዚያው ልክ ይበዛል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከጃፓን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የተላኩት ባሶች ብዛት ያላቸው ስሞች ነበሯቸው። የስሞቹ ባለቤቶች ብዙዎቹ ነጋዴዎች ናቸው። ኢባኔዝ የሚለው ስም የናጎያው የሆሺኖ ቤት ነው፤ ቤቱ በ1908 መጻሕፍት በመሸጥ የጀመረ ሲሆን ስሙንም የወሰደው ከእስፓኛዊው ጊታር ሠሪ ከሳልቫዶር ኢባኔዝ ነው። ግሬኮ የካንዳ ሾካይ፥ አሪያ ደግሞ የአራይ ነው። ለእነዚህ ነጋዴዎች ይሠሩ ከነበሩት ፋብሪካዎች ሁለቱ ትላልቆች በናጋኖ ተራሮች መካከል በምትገኘው በማትሱሞቶ ከተማ ነበሩ። አንደኛው በ1960 የተቋቋመው ፉጂገን ሲሆን ለኢባኔዝና ለግሬኮ ብዙ ሠርቷል። ሁለተኛው ማትሱሞኩ ነው።

የማትሱሞኩ ታሪክ ለብቻው ቢተረክ በተገባ ነበር። «ሞኩ» በጃፓንኛ እንጨት ማለት ሲሆን ድርጅቱ በ1951 የተነሣው በእንጨት ሥራ ነው፤ ከሥራውም አንዱ ለሲንጀር የስፌት መኪና ሣጥንና ጠረጴዛ መሥራት ነበር። በየልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የሲንጀርን መኪና እያየን ላደግን ለእኛ የስፌት መኪናና የባስ ጊታር እንዲህ መዛመዳቸው ደስ የሚል ነገር ነው። ሣጥን ጠርቦ ቀለም መቀባት የለመደ እጅ የጊታር ገላ ለመሥራት አልተቸገረም። ማትሱሞኩ ለአሪያ የሠራው ኤስ ቢ 1000 የተባለው ባስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዱራን ዱራን ጓድ ተጫዋች በጆን ቴይለር እጅ ታይቶ ዝነኛ ሆነ። ፋብሪካው በ1987 ተዘጋ።

ከተዘጋ በኋላ ስሙ ከሕይወቱ ይልቅ ገነነ። ዛሬ ሠሪው ያልታወቀ የጃፓን ባስ የያዘ ሻጭ «የማትሱሞኩ ሥራ ነው» ማለት ይቀለዋል። ማስረጃህ ምንድን ነው ሲባልም አንገቱን የያዘውን የብረት ሰሌዳ ያሳያል፤ በሰሌዳው ላይ አንገቱ የሚስተካከል ብረት እንዳለውና በጃፓን አገር እንደ ተሠራ በእንግሊዝኛ ተቀርጿል። ይህ ጽሑፍ ግን በተለያዩ የጃፓን ፋብሪካዎች መሣሪያዎች ላይ የሚገኝ የተለመደ ቃል ነው። በመሣሪያው ውስጥ ማክሰን የሚል ማግኔት ቢገኝም ፋብሪካውን አያሳይም፤ ማግኔቱን የሠራው ኒሺን ኦንፓ የተባለው ድርጅት ነው፤ እርሱም ለኢባኔዝም ለግሬኮም ያቀርብ ነበር። ይልቅስ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢባኔዝ ላይ የተመታው ቍጥር ጥሩ ምስክር ነው። በመጀመሪያ ያለችው የላቲን ፊደል ወሩን ትነግራለች፤ «ኤ» ጃንዋሪ፥ «ቢ» ፌብሩዋሪ እየተባለ እስከ «ኤል» ይሄዳል። ቀጥለው ያሉት ሁለት አኀዞች ዓመቱ ናቸው። ከዚያ በፊት ለተሠሩት ግን ቍጥር የለም።

ቍጥር በሌለበት የሚቀረው ማነጻጸር ነው። ፋብሪካው በካታሎግ ወይም በሰነድ የታወቀ አንድ ባስ ይወሰድና ከማይታወቀው ጋር ጎን ለጎን ይከፈታል። ለሽቦውና ለማግኔቱ የተቦረቦረው ጕድጓድ ቅርጹ፥ የብሎኖቹ ርቀት፥ የአንገቱ ተረከዝ አቈራረጥ ይታያል። መቦርቦሪያው የሚመራበት ቅርጽ በፋብሪካው ውስጥ ስለሚኖር የሚተወው ጕድጓድ እንደ ፊርማ ነው። መቃኛዎቹና የድምፅ ቍልፎቹ ግን ከገበያ የሚገዙ ስለ ሆኑ መመሳሰላቸው ብዙ አያስኬድም። የሽማግሌ ሠራተኞች ቃልም ቢገኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን «እኛ ይህን ስም ሠርተናል» የሚለው ቃል «በዚያ ስም የተሸጠውን ሁሉ እኛ ሠራን» ተብሎ መተርጐም የለበትም። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ትርጕም ነው።

በገበያው ላይ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ወሬ ግን «የክስ ዘመን ባስ» የሚለው ነው። እንደ ወሬው የጃፓን ፋብሪካዎች በ1970ዎቹ የሠሯቸው ባሶች እጅግ ጥሩ ስለ ነበሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች ፈርተው ከሰሷቸው፤ ስለዚህም ከክሱ በፊት የተሠራ ሁሉ ውድ ነው። በሰነድ የሚገኘው እንዲህ ነው። በ1977 የጊብሰን ባለቤት የሆነው ኖርሊን የተባለው ኩባንያ በፊላደልፊያ ፍርድ ቤት ኤልገር የተባለውን የሆሺኖን የአሜሪካ ድርጅት ከሰሰ። የክሱ ጉዳይ የጊታሩ ራስ ቅርጽ ነበር፤ ጫፉ የተከፈተ መጽሐፍ የሚመስለው የጊብሰን ራስ ተቀድቷል የሚል ነው። ክሱ በቀረበበት ጊዜ ኢባኔዝ የራሱን ቅርጽ ለውጦ ነበር። ነገሩም ፍርድ ሳይሰጥበት በ1978 በስምምነት አለቀ። የተከሰሰው አንድ ድርጅት፥ የተከሰሰበትም አንድ ቅርጽ ነው። ማትሱሞኩ አልተከሰሰም፤ ፌንደርም በዚህ ክስ ከሳሽ አልነበረም። ስለዚህ ፕሪሲዥን ባስን አስመስሎ የተሠራ የጃፓን መሣሪያ «የክስ ዘመን» መባሉ መሠረት የለውም። ከዚህ ሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ራሱ ከሳሹ ኖርሊን ኤፒፎን በሚለው ስሙ የሚሸጣቸውን ጊታሮች በዚያው ዘመን በማትሱሞኩ ፋብሪካ ያሠራ እንደ ነበረ ነው።

ፌንደር የገላውን ቅርጽ ለብቻው ለማስመዝገብ የሞከረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ዳኞች በ2009 ጥያቄውን ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ለብዙ ዓመታት ብዙ ሠሪዎች ሲጠቀሙበት የኖረ ቅርጽ ስለ ሆነ ያየው ሰው ሠሪው ፌንደር ብቻ ነው አይልም በማለት ነው። ከጥያቄው ውስጥ የፕሪሲዥን ባስ ገላ ይገኝበታል። የገላው ቅርጽ ሠሪውን እንደማይናገር እነሆ ዳኞችም ተናገሩ።

ፌንደር ራሱ አስመሳዮቹን በፍርድ ቤት ከማሳደድ ይልቅ በ1982 ሌላ መንገድ ያዘ። ከካንዳ ሾካይና ከያማኖ ጋር ሆኖ በጃፓን አንድ ድርጅት አቋቋመ፤ ሥራውንም የሰጠው ለፉጂገን ነው። የመጀመሪያዎቹ ቍጥራቸው «ጄ ቪ» በሚሉ ፊደሎች ይጀምራል። በራሳቸው ላይ ፌንደር የሚል ስም ያለባቸው፥ ስሙም በሕግ የተገባቸው፥ ነገር ግን ፉለርተንን ሳያዩ በማትሱሞቶ የተጠረቡ ባሶች ናቸው። እነዚህን «ሐሰተኛ ፌንደር» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ «በአሜሪካ የተሠሩ ናቸው» ብሎ የሚሸጥም አልታጣም። ሁለቱንም ለመመለስ ቍጥሩን ማንበብ ይበቃል።